ከመስታወቱ ወዲህ

ኪታኖሳዋ፣ በአሥራ አንደኛው ወር በ28ኛው ቀን

ለአቶ ሹንጂ ናካዳቴ፣ ሳፖሮ

እዚህ መሬቱ ጠጥሯል፤ በረዶ ግን ገና አልጣለም። ሰማዩ ልጣል አልጣል እያለ ሳምንቱን ሙሉ ሲያመነታ ሰነበተ። እናንተስ ወደ ብርዱ በደህና ገባችሁ? አባትዎ በፀደይ ባረፉ ጊዜ ለቀብራቸው አልመጣሁም፤ ጉልበቴ አሞኛል ብዬ ጽፌ ነበር። ጉልበቴ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ባቡር ላይ ለመቀመጥ የሚበቃ ጉልበት ነበረኝ። ይቅርታዎን እለምናለሁ።

የጠየቁኝን በተራ እመልሳለሁ። ጠመንጃው ከዛሬ ሃያ አራት ዓመት በፊት ከአባትዎ የገዛሁት ባለ መቀርቀሪያው ነው። የብረት ማነጣጠሪያ የለውም፤ የሚያነጣጥሩበት መነጽር ከላዩ ከተነሳ ዱላ ማለት ነው። ርቀቱ ከቤቴ የኋላ በር እስከ ነፋስ መከላከያው የዛፍ መስመር መቶ ስልሳ ሜትር ነው፤ ለክቼዋለሁ። ሰዓቱን በተመለከተ፣ አጋዘኖቹ ወደ ሜዳው የሚወጡት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ከጠለቀች በኋላ መተኮስ ክልክል ነው፤ እኔም ተኩሼ አላውቅም። ስለዚህ የምፈልገው በዚያች በመጨረሻዋ ሩብ ሰዓት የሚያሳየኝን ነው።

ከላኩልኝ የመነጽር ዝርዝር ሦስቱን ከብቤአለሁ። አንደኛው ከሦስት እስከ ዘጠኝ ጊዜ የሚያጎላው፣ ፊቱ አርባ ሚሊሜትር የሆነው፣ ሃምሳ ስምንት ሺህ የን። ሁለተኛው ፊቱ ሃምሳ የሆነው፣ መሃሉ ላይ በባትሪ የሚበራ ቀይ ነጥብ ያለው፣ ሰባ ዘጠኝ ሺህ። ሦስተኛው ከሁለት እስከ አሥር የሚያጎላው፣ መስታወቱ ይበልጣል የሚባልለት፣ ዘጠና አራት ሺህ። ከእነዚህ በታች ያለውን አልፈልግም፤ ርካሽ መነጽር ይዋሻል። ከእነዚህ በላይ ያለው ደግሞ ለሚታዩ ሰዎች እንጂ ለሚያዩ ሰዎች አይደለም። በነገራችን ላይ በገጽ አሥራ ሁለት የሁለተኛው ክብደት በሁለት ቦታ በሁለት ልክ ተጽፏል። ያሳርሙት።

ለምን ቸኮሉ ላሉኝ፦ አሮጌው መነጽር ጭጋግ ገብቶበታል። የጠመንጃ ፈቃዴ የሚያበቃው ሰባ ስድስት ዓመት በምሞላበት ቀን፣ በሁለተኛው ወር በ14 ነው። የማደሻው ወረቀት ደግሞ አንድ ወር ቀድሞ ፖሊስ ጣቢያ መግባት አለበት። ካለፈኝ በሕጉ መሠረት እንደ ጀማሪ አሥር ዓመት የወፍ ጠመንጃ ይዤ ነው እንደገና ይህን የምጠይቀው። በሰማንያ ስድስት ዓመቴ ማለት ነው። በዚህ መንደር ጠመንጃ ያለው ሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ አጋዘኖቹም ያውቁታል። ጥሩ መነጽር ካላገኘሁ ግን ማደሱ ትርጉም የለውም። ያላየሁትን አልተኩስም።

ቶሺኖ ኢቺኖሄ

ማስታወሻ፦ ከሦስቱ ሁለተኛውን አስቀድመው ይላኩ። አይ፣ አንደኛውን።


ሳፖሮ፣ በአሥራ ሁለተኛው ወር በ3ኛው ቀን

ለተከበሩ ወይዘሮ ኢቺኖሄ

ባለፈው ደብዳቤዬ ስለ አየሩ ሳልጠይቅ ወደ ጉዳዩ በመግባቴ አፍሬአለሁ። አባቴ ቢኖር የእርስዎን ደብዳቤ አንብቦ የእኔን ይቀድድ ነበር። እዚህ በረዶው ጉልበት ደርሷል፤ ሁላችንም ደህና ነን። ገጽ አሥራ ሁለትም ታርሟል።

አንደኛውን ልኬልዎታለሁ። ሳይወስኑ ክፍያ የለም፤ ጠመንጃው ላይ መግጠምም አያስፈልግዎ፣ በእጅዎ ይዘው ከመስኮት ይመልከቱበት። እኔን ከጠየቁኝ ከሦስቱ መካከለኛው ዋጋ ለእርስዎ ሰዓት ይበቃል፤ ግን ዓይንዎ ይፍረድ።

ስለ አሮጌው ጥቂት ልጠይቅዎ። ጭጋጉ ጠርዙ ላይ ነው ወይስ ሙሉውን የሸፈነ? በሙቅ ክፍል ይቀንሳል? ቀለበቱ አካባቢ ቢሰነጠቅ ኖሮ ጠብታ ያዩበት ነበር። አውልቀው ቢልኩልኝ በሳምንት ውስጥ አድሼ እመልስልዎታለሁ፤ ምናልባትም አዲስ አያስፈልግዎ ይሆናል።

ሹንጂ ናካዳቴ


ኪታኖሳዋ፣ በአሥራ ሁለተኛው ወር በ11ኛው ቀን

ለአቶ ናካዳቴ

በረዶው ጣለ። እንኳን ጣለ፤ መጠበቅ ከመጣሉ ይብሳል።

አንደኛውን በዚህ ጥቅል መልሻለሁ። አሠራሩ ንጹሕ ነው፤ ቀለበቱ በጣት ልክ ይዞራል፤ ማጉያው ሲዞር አይንገጫገጭም። ነገር ግን ጨለማ ነው። እኩለ ቀን ላይ እንኳ የዛፉ መስመር በወተት ውስጥ እንደተነከረ ሆኖ ታየኝ። የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት በማይክሮስኮፕ ወተት መርምሬአለሁና ስለ መስታወት ስናገር በግምት አይደለም።

ከመንገዱ ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ሺጌኮ፣ ያቺ ሃምሳ ላሞች ያሏት፣ ጥቅሉን ከፖስተኛው ተቀብላ ያመጣችልኝ እሷ ናት። «እትዬ፣ አጋዘኖቹን በፖስታ ልታስፈርሚያቸው ነው እንዴ ይህን ቧንቧ የምታመላልሺው?» አለችኝ። እሷ ትቀልዳለች፤ ክረምቱን የምታበላበት የሣር ጥቅል ግን ላስቲኩ በዘጠኝ ቦታ ተቀድዷል። አጋዘን የቀደደው ሣር ይሻግታል፤ የሻገተ የበላች ላም ጥጃ ትጥላለች። በየጠዋቱ ወተት ይዛልኝ ስትመጣ ስለ ጥቅሎቹ አትናገርም፤ ከአፏ አይወጣም። ይህ ደግሞ ከመናገር ይብስብኛል።

አንድ ጊዜ ልይበት ብላኝ ነበር። መጫወቻ አይደለም አልኋት።

ሁለተኛውን ይላኩልኝ። ስለ ጭጋጉ የጠየቁኝን አልዘነጋሁም፤ በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ቶሺኖ ኢቺኖሄ


ኪታኖሳዋ፣ በአሥራ ሁለተኛው ወር በ20ኛው ቀን

ለአቶ ናካዳቴ

አይደለም፤ ባትሪውን ገልብጬ አላስገባሁም። የፊቱን ክዳንም አንስቻለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለሌላ ደንበኛ ያቆዩት።

ሁለተኛው ከአንደኛው ይበራል፤ ይህን እመሰክራለሁ። ነገር ግን ቀይ ነጥቡ ነጥብ አይደለም። ጅራት አለው፤ ወደ ግራ የሚፈስ ጅራት፣ ዙሪያውንም ፀጉር አብቅሏል። ብርሃኑን ብቀንሰውም ጅራቱ ቀረ። ሰባ ዘጠኝ ሺህ የን የሚያወጣ ዕቃ ነጥብ ማስቀመጥ ካልቻለ ምን ያስቀምጣል? ለሠሪዎቹ ይጻፉላቸው።

ሌላውን ጥያቄዎን በተመለከተ፣ እንቅልፍ እተኛለሁ። የምተኛውን ያህል እተኛለሁ። ዛሬ ወደ መስኮቱ ስንት ጊዜ እንደሄድሁ አልቆጠርሁም፤ ሻይ አፍልቼ ረስቼዋለሁ፤ እንደገና አፍልቼ እንደገና ረሳሁት። ይህ የዕድሜ ነው ብለው እንዳያስቡ፤ ወረቀቱ ሃያ አምስት ቀን ብቻ ስለቀረው ነው። ጎረቤቴን ለምን አላሳየሁበትም ማለትዎ ግን ገርሞኛል። ሺጌኮ ከላም በቀር ምን ታውቃለች?

ሦስተኛውን ይላኩልኝ። በፍጥነት።

ቶሺኖ ኢቺኖሄ


ሳፖሮ፣ በአሥራ ሁለተኛው ወር በ26ኛው ቀን

ለተከበሩ ወይዘሮ ኢቺኖሄ

ዓመቱ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ይህን መጻፌን ይቅር ይበሉኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ። ባለቤቴ «ለሴትዮዋ ወይ መነጽሩን ላክላት ወይ እውነቱን» ብላ ተቆጣችኝ። መነጽሩን አልላክሁም።

የመለሷቸውን ሁለቱን በጠረጴዛዬ ማቀፊያ አስሬ መርምሬአቸዋለሁ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ቀይ ነጥቡ ነጥብ ነው፤ ሁለቱ ሠራተኞቼም አይተውታል፤ ጅራት ያየ የለም። አባቴ «ደንበኛ መነጽር ደጋግሞ ከመለሰ ሌላ አታሳየው፤ ወንበር ስጠው» ይል ነበር። እኔ ወንበር ልሰጥዎ አልችልም፤ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀው ነው ያሉት።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ጠመንጃዎን ከእርስዎ በቀር ማንም እንዲነካው አይፈቀድም፤ በመሆኑም በሃያ አራት ዓመት ውስጥ በዚያ አሮጌ መነጽር ከእርስዎ በቀር ያየ ሰው የለም። ከጠመንጃው ላይ ሲወልቅ ግን መነጽር መስታወት ነው፤ ማንም ሊይዘው ይችላል። አራቱን ብሎን ይፍቱና ለሌላ ሰው ይስጡት። ጭጋግ ካለው ያ ሰውም ያየዋል፤ በማግስቱም ሦስተኛው መነጽር እጅዎ ይገባል። ጭጋግ ከሌለው ግን የምሸጥልዎ ነገር የለኝም።

ደግሞ ይህን ቢሻዎ አይመልሱልኝ። ቀድሞ በዓመት አንድ ደብዳቤ ይጽፉልን ነበር። ከአሥራ አንደኛው ወር ወዲህ ብቻ አራት ጻፉ። በዚያ ወር የሆነ ነገር አለ?

ሹንጂ ናካዳቴ


ኪታኖሳዋ፣ በመጀመሪያው ወር በ4ኛው ቀን

ለአቶ ናካዳቴ

አዲሱ ዓመት ለቤትዎ የደህና ይሁን።

መነጽሩን ካወለቅሁት ልኩ ይጠፋል። ይህን ለእርስዎ ማስተማር አይገባኝም ነበር። መልሼ ለማስተካከል ጥይት ተኩሼ ማየት አለብኝ፤ መለማመጃ ቦታው ደግሞ እስከ አምስተኛው ወር ዝግ ነው። አንድን ጥርጣሬ ለማስታገስ ሲባል ወራቱን ሙሉ ጠመንጃዬን ዱላ አላደርግም።

ስለ አሥራ አንደኛው ወር የምጽፈው የለኝም።

ሦስተኛውን ሊልኩልኝ ካልፈለጉ በሳፖሮ ሌላ ጠመንጃ ቤት አለ።

ቶሺኖ ኢቺኖሄ


ኪታኖሳዋ፣ በመጀመሪያው ወር በ8ኛው ቀን

ለአቶ ናካዳቴ

ያለፈውን ደብዳቤዬን እንዳልደረሰዎ ይቁጠሩልኝ። ሌላ ጠመንጃ ቤት አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። የጻፍሁት ነውር ነው፤ ይቅርታ።

ትናንት ጠዋት አወለቅሁት። አራቱን ብሎን ፈትቼ፣ ጠመንጃውን ካዝናው ውስጥ ቆልፌ፣ ሺጌኮ ወተቱን ይዛ ስትገባ መነጽሩን እጇ ላይ አስቀመጥሁት። «ምን ልይበት?» አለች። የምታዪውን ሁሉ ንገሪኝ አልኋት። በመስኮቱ ወደ ራሷ ግቢ አዞረችው፤ ላሞቿ ፀሐይ ሊሞቁ ወጥተው ነበር።

«ሃና ናት። ጆሮዋ ላይ ሰባት፣ ዜሮ፣ ሦስት፣ ሁለት። አፍንጫዋ እርጥብ ነው፣ ደህና ናት። የጋጣው በር ከታች ዝጓል... ባሌ ቀባሁት ብሎኝ ነበር፣ ውሸታም። እትዬ፣ ይሄ መነጽር ነው ወይስ ኃጢአት መቁጠሪያ?»

«ጭጋግ የለውም?» አልኋት።

«የምን ጭጋግ?»

ተቀብያት አየሁ። ላሞቹን አየኋቸው፤ ላም መሆናቸውን ስለማውቅ። ጆሮ የት እንዳለ እንኳ አላገኘሁትም። ማኅበሩ ውስጥ ጀማሪ ልጃገረዶች ማይክሮስኮፑ ቆሽሿል እያሉ ሲመጡብኝ «መስታወቱን ከመክሰስሽ በፊት ዓይንሽን ታጠቢ» እያልሁ እመልሳቸው ነበር። አንዷ አልቅሳ ሥራ ለቃለች። ስሟን አስታውሳለሁ።

አሁን ስለ አሥራ አንደኛው ወር። ቀኑ 19 ነበር፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ሩብ ሰዓት ቀርቷታል። በቤቴ የኋላ በር ቆሜ በመነጽሩ በዛፉ መስመር ሥር አንድ ቡናማ ነገር አየሁ። ከበላዩ ቀንዱ ይታየኛል። ትልቅ ወንድ ነው አልሁ። የጠመንጃውን መቆለፊያ ከፈትሁ፤ ጣቴን ምላጩ ላይ አደረግሁ፤ ትንፋሼን ያዝሁ። አባትዎ ያስተማሩኝን ሁሉ በቅደም ተከተሉ አደረግሁ። ከዚያ አጋዘኑ ጎንበስ አለና ባልዲ አነሳ።

ሺጌኮ ነበረች። የኤሌክትሪክ አጥሩን ስታጠባብቅ ነበር። ቀንድ ያልሁት ቅርንጫፍ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ አመሻሹን በከሰስሁ ነበር። ነገር ግን ብርቱካናማውን ሰደርያ ለብሳ ነበር፤ በዛፎቹ በኩል ስታልፊ ያለዚህ እንዳላይሽ ብዬ እኔ ራሴ የገዛሁላትን። ስድስት ዓመት አንድ ቀን ሳትለብሰው አልፋ አታውቅም። እኔ ግን ቡናማ አየሁ።

እሷ አላወቀችም። እጇን አውለበለበችልኝ፤ እኔም አውለበለብሁላት። በማግስቱ የመነጽር ዝርዝር እንዲልኩልኝ ጻፍሁልዎ።

ወረቀቱ የሚገባው ከስድስት ቀን በኋላ ነው። ምን ባደርግ እንደሚሻል ቢነግሩኝ መልካም ነው፤ ሽማግሌዎቹን የምጠይቅበት ዘመን አልፏል፤ ሁሉም ሞተዋል።

ቶሺኖ ኢቺኖሄ


ሳፖሮ፣ በመጀመሪያው ወር በ10ኛው ቀን፣ በፈጣን ፖስታ

ለተከበሩ ወይዘሮ ኢቺኖሄ

ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። አየሩን ዛሬም ዘልያለሁ፤ ጊዜ የለም።

ማደሻውን ያስገቡ። የጻፉልኝ ሁሉ፣ ጭጋጉ፣ የነጥቡ ጅራት፣ የቀለሙ መደብዘዝ፣ የዓይን ሞራ ይመስላል። አማቴ ልክ እንዲህ ስትል ነበር፤ በአንድ ቀን ተሠርቶላት አሁን የመርፌ ቀዳዳ ታያለች። ኩሺሮ ከተማ ጥሩ የዓይን ሐኪም አለ። ዓይን የሚመረመረው በአደን ፈቃዱ እድሳት ነው፤ የእርስዎ ደግሞ ገና ዓመት ከመንፈቅ አለው። ስለዚህ የጠመንጃ ፈቃዱን አሁን ያድሱ፣ ጠመንጃውን ቆልፈው ያስቀምጡ፣ ዓይንዎን ይታከሙ፤ ከዚያ እንነጋገራለን። ሦስተኛውን መነጽር በስምዎ ለይቼ አስቀምጬዋለሁ።

ለጎረቤትዎ ይነግሯት አይነግሯት የእርስዎ ነው። እኔ ብሆን ግን አልነግራትም። ምን ይጠቅማታል? ያልሆነ ነገር ነው።

ሹንጂ ናካዳቴ


ኪታኖሳዋ፣ በመጀመሪያው ወር በ19ኛው ቀን

ለአቶ ናካዳቴ

በረዶው መስኮቱን እኩሌታውን ሸፍኗል። ባለቤትዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አለኝ።

ወረቀቱን በ13 አስገባሁ፤ ሺጌኮ በመኪናዋ ወሰደችኝ። የማስታወስ ፈተናውን አለፍሁ፤ ሰዓት ሥዪ አሉኝ፤ ሣልሁ። የግድግዳቸው ሰዓት ስምንት ደቂቃ ወደ ኋላ መቅረቱን ነገርኋቸው። ስለ ዓይኔ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርሁም። ሐኪሙ አይቶኝ ለሦስተኛው ወር በ5 ለቀዶ ሕክምና ቀጥሮኛል። የዓይን ሞራ ነው፤ የአማትዎ ዓይነት።

ምክርዎ ጥሩ ነበር፤ ለሌላ ሰው ቢሆን። «ቆልፈው ያስቀምጡ» ብለዋል። ባለፈው ያልጻፍሁልዎ አለ፤ አሁን እጽፈዋለሁ። ያን ዕለት፣ በአሥራ አንደኛው ወር በ19፣ ዳግመኛ ጠመንጃ ይዤ እንዳልወጣ በሟቹ ባሌ ፎቶግራፍ ፊት ምዬ ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ወጥቻለሁ። ከሜዳው ላይ ድምፅ እሰማለሁ፤ ላስቲኩ ሲቀደድ ይሰማኛል፤ መቀመጥ ያቅተኛል፤ ስነቃ በሩ ላይ ጠመንጃ ይዤ ቆሜአለሁ። አልተኮስሁም። አልተኮስሁም ማለት ግን መልስ እንዳልሆነ እናውቃለን።

የካዝናውን ቁልፍ ለሌላ ሰው መስጠት አይፈቀድልኝም። ጠመንጃውንም እንዲሁ። ያለ መነጽሩ ግን ዱላ ነው፤ መነጽሩ ደግሞ መስታወት ነው፤ ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። አስቀምጪልኝ ብዬ ልሰጣት ደግሞ ለምን እንደሆነ ሳልነግራት አይሆንም። ስለዚህ ምክርዎን አፈረስሁ።

ጋጣዋ ውስጥ ነበረች፤ ለጥጃ በጡጦ ታጠባለች። ቆሜ ነገርኋት፤ ለእርስዎ በጻፍሁበት ቅደም ተከተል። ጥጃዋ ጨርሳ ባዶውን ጡጦ መሳብ ጀመረች፤ ሺጌኮ አላወቀችም። ከዚያ «ሰደርያውን ለብሼ?» አለች።

«ለብሰሽ።»

«እኔኮ ለዚያ ነገር ላብ እያጠመቀኝ ስድስት ዓመት... አሁን በቃ ብርቱካናማ አጋዘን አለ ማለት ነው?» ብላ ሳቀች። በጣም ሳቀች፤ ጥጃዋ ደነገጠች። «ባሌ እየነዳ ሁለት ጊዜ በረገጠኝ ትራክተር ሳልሞት፣ ወተት የማመጣላት ሴትዮ ትገድለኝ! በይ አምጪ ያንን ቧንቧ፣ እትዬ። ዓይንሽ እስኪድን እኔ ጋር ይተኛል።» ጥጃ ስታዋልድ የምትጠቀምበት ገመድ ያለበት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው።

ያሰብሁትን ያህል አልከበደም። ከእንግዲህ በሰላም እቀመጣለሁ ብዬ ነበር። ይኸው ግን ይህን ስጽፍ አራት ጊዜ ተነሥቼ ተቀምጫለሁ።

ሦስተኛውን መነጽር ለሌላ አይሽጡብኝ።

ቶሺኖ ኢቺኖሄ


ኪታኖሳዋ፣ በሦስተኛው ወር በ27ኛው ቀን

ለአቶ ናካዳቴ

በረዶው በመንገዱ ዳር መቅለጥ ጀምሯል። እኔ እንኳ በዚህ ዕድሜዬ በረዶ ሰማያዊ ጥላ እንዳለው ረስቼ ኖሮ አሁን እንደ አዲስ አየሁት። ለላኩልኝ የፖም ሣጥን አመሰግናለሁ፤ ሐኪሙም ሠላምታዎን ተቀብሏል። አዎን፣ ሁለቱንም ጥያቄዎችዎን እመልሳለሁ።

ዓይኔ ድኗል። ሽፋኑ በተነሣ በሦስተኛው ቀን ከመንገዱ ማዶ የጋጣውን በር አየሁት፤ አሁንም አልተቀባም። የላሞቹን ጆሮ ቁጥር ያለ መነጽር ማንበብ አልችልም፤ ጆሯቸውን ግን አያለሁ። ይህን ለሺጌኮ ስነግራት መሳቢያዋን ከፍታ መነጽሩን አወጣች፤ በልብሷ ጠርጋ ሰጠችኝ።

«በቃ ውሰጂው» አለች። «ግን በነጻ አይደለም። የፖሊሶቹን ፈተና አልፈሻል፤ የእኔን ደግሞ እለፊ። ዛፎቹ ሥር ሄጄ ጣቴን አሳይሻለሁ፤ ስንት እንደሆነ ትነግሪኛለሽ።»

አያስፈልግም አልኋት። «ፈርተሽ ነው?» አለችኝ፤ ቦት ጫማዋን እየጎተተች በበረዶው ውስጥ ሄደች። ሰደርያውን ለብሳለች። እንዲህ ያለ ቀለም እንደገዛሁላት አላወቅሁም ነበር፤ እሳት ነው።

ጠመንጃው ቤት ውስጥ ተቆልፏል። በእጄ ያለው መስታወት ብቻ ነው፤ ይህንንም እሷ ከእኔ እኩል ታውቃለች፤ ራሷ ናት የሰጠችኝ። በአጥሩ እንጨት ላይ አስደግፌ አየሁ። አሮጌው መነጽር ነው፤ ቢሆንም ጥሩ መነጽር ነው፤ አባትዎ አልዋሹኝም። የጓንቷ አውራ ጣት ተተርትሯል። ትንፋሿ ይታያል። ቀኝ እጇን ወደ ላይ አንሥታ ሦስት ጣት ዘርግታለች።

ዓይኗን ግን ጨፍናለች።

ፀሐይዋ ከኋላዋ ነበረች፤ ስለዚህ ብርሃን አይደለም። ነፋስም አልነበረም። ሰው ጥፊ ሲጠብቅ እንደሚያደርገው አጥብቃ ጨፍናለች፤ ጉንጯ ወደ ላይ ተሰብስቧል፤ ግራ እጇ የሰደርያውን ጫፍ ጨብጧል። ከእሷ እስከ እኔ መቶ ስልሳ ሜትር ነው፤ መጨፈኔን አታይም ብላ ነው። በጋጣው ውስጥ እንደዚያ የሳቀችው ሴት ናት። በየጠዋቱ ወተት ይዛ ስትመጣም በዚያው በር፣ በዚያው ሜዳ ላይ ነው የምታልፈው። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ስታልፍ ኖራለች፤ እኔ በማላይበት ዓይን እያየኋት።

«ሦስት» ብዬ ጮህሁ። እጇን አወረደች፤ ከዚያ ዓይኗን ከፈተች። ስትመለስ «አለፍሽ» ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ያየሁትን አልነገርኋትም። ይህን አንዱን ምክርዎን ጠብቄአለሁ።

ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄዎ። ሦስተኛውን መነጽር ለሚፈልግ ይሽጡት፤ እስካሁን ስላቆዩልኝ ተበድሬዎታለሁ። ጠመንጃውንም ይውሰዱልኝ። መንገዱ ሳይጨቀይ በሚመጣው ሰኞ ቢመጡ፣ ወረቀቶቹን አዘጋጅቼ እጠብቅዎታለሁ፤ በዚያው ፈቃዴን ለፖሊስ እመልሳለሁ። ለሺጌኮ ጉልበቴ አልቻለም እላታለሁ። ጉልበቴ እውነት ነው።

ስለ ሜዳው ወረዳውን ጽፌ ጠይቄአለሁ፤ በሚመጣው ዓመት ከከተማ ሁለት አዳኝ እንልካለን አሉ። ሁለት ሰው በሚመጣው ዓመት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። ሺጌኮ አጥሯን ከፍ ልታደርግ ነው፤ ችካሉን እኔ እይዝላታለሁ።

ከመስኮቱ ሆኜ ነው የምጽፈው። አሁን ወጥተዋል፤ የመጨረሻዋ ሩብ ሰዓት ናት። አሥራ አንድ ናቸው። ሁለቱ ወንዶች ናቸው፤ አንደኛው የግራ ቀንዱ ተሰብሯል፤ ከኋላ ያለችው እናት እርጉዝ ናት። አንድም አላመለጠኝም።

ቶሺኖ ኢቺኖሄ